ደም ግፊትና የአየር ጠባይ፦ ከነሐሴ ብርድ እስከ ሚያዝያ ሙቀት የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

የደም ግፊቱ በሚያዝያ 128 በ78 የነበረ ሰው በነሐሴ 137 በ84 ሲያገኝ ይደነግጣል። መድኃኒቱ መሥራት ያቆመ ይመስለዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ የሰነበተ ሌላ ሰው ደግሞ 112 በ70 ሲያይ "ተመስገን፣ ደም ብዛቱ ለቀቀኝ" ብሎ ክኒኑን ያቆማል። ሁለቱም ቁጥሩን አይተዋል፤ አየሩን ግን ረስተዋል።

ይህ ጽሑፍ ደም ብዛት እንዳለባቸው ለተነገራቸው፣ መድኃኒት ለጀመሩ፣ የእናት የአባታቸውንም ግፊት ለሚከታተሉ ነው። ወቅቱ ግፊታችሁን በምን ያህል እንደሚያወጣውና እንደሚያወርደው በራሳችሁ ደብተር ላይ እዩ። የመድኃኒቱን መጠን ግን ወቅት አይታችሁ በራሳችሁ አትንኩ።

ነገሩ እንዴት ነው የሚሆነው?

ብርድ ሲነካን ሰውነት ሙቀቱን ላለማባከን ከቆዳ ሥር ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠብባል። ልብ ያንኑ ደም በጠበበ መንገድ መግፋት አለበት፤ ግፊቱ ይወጣል። ሲሞቅ ሥሮቹ ይሰፋሉ። ላቡም ውሃና ጨው ይዞ ይወጣል። ግፊቱ ይወርዳል።

የአውሮፓ የደም ግፊት ማኅበር ባለሙያዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ በሙቀት ወራት ግፊት ከብርዱ ወራት ሲነጻጸር በአማካይ የላይኛው (መጀመሪያ የሚነበበው ቁጥር) 5፣ የታችኛው (ሁለተኛው) 3 ያህል ዝቅ ይላል ብለዋል። 5 ትንሽ ይመስላል። ግን አማካይ ነው። በዕድሜ በገፉ ሰዎችና መድኃኒት በሚወስዱት ላይ ልዩነቱ ከዚህ ሊሰፋ ይችላል። ግፊቱ ድሮም ጠርዝ ላይ ለነበረ ሰው ደግሞ 5 ነጥብም ቢሆን ጠርዙን ያሻግራል።

የኑሮው ነገርም አለ። በዝናብና በብርድ ወራት እግር ይታሰራል፣ ምግብ ይከብዳል፣ ኪሎ ይጨምራል። ስለዚህ በክረምት የወጣውን ግፊት ሁሉ በብርዱ ማሳበብም አያዋጣም።

ደረጃ 1፦ የእናንተ ብርድ መቼ እንደሆነ ለዩ

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር አብዛኛው የተጻፈው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው። "ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ተጠንቀቁ" ይላል። የአዲስ አበባ፣ የደሴ ወይም የጎንደር ሰው ይህን እንዳለ ቢወስደው ይሳሳታል።

ደጋው ላይ ብርዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሐምሌና የነሐሴ ብርድ ነው። ፀሐይ ትደበቃለች፣ ቤቱ ይረጥባል፣ ቀኑን ሙሉ ካልሲ አይወልቅም። ሁለተኛው የኅዳርና የታኅሣሥ ነው። ቀኑ ብራ ነው፣ ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ሌሊቱና ንጋቱ ግን አጥንት ይሰብራል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ ሰው ውርጩን ያውቀዋል። በዚህ ወቅት የጠዋቱ ግፊት ከፍ ብሎ የከሰዓቱ ደህና ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ የሚለካ ሰው የጠዋቱን ጨርሶ ላያየው ነው።

ቆላ ላላችሁ ዋናው ጥያቄ ሙቀቱ ነው። በጋምቤላ፣ በሁመራና በመተማ ከዝናቡ በፊት ያሉት ወራት ይከብዳሉ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው። በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም ላሉት ዋናው ዊንተሩ ነው፤ ቤቱ ግን ስለሚሞቅ አደጋው ያለው በር ከፍቶ መውጣቱ ላይ ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ "ክረምቱ ቀላል ነው" በሚለው አትዘናጉ። ማዕከላዊ ማሞቂያ የሌለው ቤት በጃንዋሪ ሌሊት ከውጭው ብዙም አይሻልም።

ብዙውን ሰዓት የምናሳልፈው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዜናው የአየር ትንበያ ይልቅ የተኛችሁበት ክፍል ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይወርድ ይመክራል። ከተቻለ ትንሽ የክፍል ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ።

ደረጃ 2፦ አለካካችሁን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያት አለኝ። የወቅት ልዩነት በጥቂት ነጥቦች የሚታይ ነገር ነው። አለካካችሁ ከተበላሸ ስህተቱ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። ያኔ የምታዩት ወቅቱን ሳይሆን የራሳችሁን ጥድፊያ ነው።

መሣሪያው ክንድ ላይ የሚታሰረው አውቶማቲክ ቢሆን ይመረጣል። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በአቀማመጥ በቀላሉ ይሳሳታል። ማሰሪያው ለክንዳችሁ ልክ ይሁን። ወፍራም ክንድ ላይ ትንሽ ማሰሪያ ካሰራችሁ ቁጥሩ ያለአግባብ ከፍ ይላል።

ከመለካታችሁ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና፣ ሲጋራ፣ ጫትና ስፖርት አይኑር። በአቦልና በቶና መሀል የተለካ ግፊት ለሐኪም አይነገርም። ሽንት ቤት ሂዱና ተመለሱ፤ የሞላ ፊኛ ግፊትን ይገፋል።

ከብርድ እንደገባችሁ አትለኩ። ልብሱን አስተካክላችሁ፣ እጃችሁ እስኪሞቅ ቆዩ። ከዚያ 5 ደቂቃ በጸጥታ ተቀመጡ። በተቃራኒው፣ ሪያድና ዱባይ ያሉ ሰዎች ኤሲው ፊት ለፊት ተቀምጠው ይለካሉ። እሱም ብርድ ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ተቀራራቢ ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ መለካት ይሻላል።

መቀመጫው ጀርባ የሚያስደግፍ ወንበር ይሁን። በርጩማ አይሆንም፣ ሶፋ ውስጥ መስመጥም አይሆንም። ሁለቱ እግሮች መሬት ይንኩ፤ እግር ማነባበር የለም። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ከፍታ ይረፍ። ክንድ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ይጨምራል።

በክረምት ትልቁ ስህተት ልብሱ ነው። ሹራቡን ወደ ላይ ጠቅልሎ ማሰር። የተጠቀለለው እጅጌ ራሱ ክንዱን ያንቃል። በሹራቡ ላይ ደርቦ ማሰርም አይረዳም። አንድ እጃችሁን ከሹራቡ አውጡ፣ ጋቢውን በሌላው ትከሻ ላይ አድርጉ፣ ማሰሪያውን ባዶ ክንድ ላይ እሰሩ።

ሲለካ አታውሩ። የቤቱ ሰውም "ስንት አለ? ስንት አለ?" እያለ አያስጨንቃችሁ። ከ1 ደቂቃ በኋላ ድገሙና ሁለቱንም ጻፉ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱንም ክንድ ለክታችሁ ከፍ ያለውን አንዱን ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በእሱ ለኩ።

ደረጃ 3፦ ወቅቶቹን በደብተር ያዙ

በየቀኑ ዓመቱን ሙሉ መለካት አያስፈልግም። እንዲያውም በየሰዓቱ የሚለካ ሰው ጭንቀቱ ራሱ ግፊቱን ያወጣበታል። የሚበጀው ወቅት ሲለወጥ አንድ ሳምንት መለካት ነው። ለደገኛ አንዱን ሳምንት ሐምሌ ላይ፣ አንዱን ኅዳር መጨረሻ፣ አንዱን መጋቢት ላይ አድርጉት። ውጭ ያላችሁ ብርዱ ሲገባና ሙቀቱ ሲጀምር። ሐኪም ዘንድ ከመቅረባችሁ በፊት ያለውን ሳምንትም ጨምሩበት።

በዚያ ሳምንት ጠዋት ከክኒንና ከቁርስ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ከእራት በፊት ሁለት ጊዜ ለኩ። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ተዉትና የቀሪዎቹን አማካይ አውጡ። ቤት ውስጥ የተለካ አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው ይባላል። ክሊኒክ ውስጥ መስመሩ 140 በ90 ነው። ሐኪማችሁ ሌላ ግብ ከሰጣችሁ የእሱን ያዙ።

ከቁጥሩ ጎን አንድ አጭር ማስታወሻ ይግባ። "ቤቱ 15 ዲግሪ"፣ "ጉንፋን ይዞኝ ነበር"፣ "ጾም"፣ "ክኒን ረሳሁ"፣ "ሌሊት አልተኛሁም"። ለሐኪሙ ከቁጥሩ እኩል የሚናገረው ይህ ማስታወሻ ነው።

"እኔ ሲጨምር ራሴን ስለሚያመኝ አውቀዋለሁ" የሚሉ ብዙ ናቸው። ደም ብዛት በአብዛኛው ምልክት የለውም። ራስ ምታት ሳይኖር 170 የሚሆን ሰው አለ፤ ራሱን እየፈለጠው 120 የሆነም አለ።

ደረጃ 4፦ ብርዱን መቋቋም

ጠዋት ላይ ግፊት በተፈጥሮው ይወጣል። ብርዱም ጠዋት ይበረታል። ሁለቱ እንዳይገጥሙ ማድረግ ነው ዘዴው። ከእንቅልፍ እንደነቃችሁ ተስፈንጥራችሁ አትነሱ። አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀመጡ፣ ካልሲና ሹራብ ልበሱ፣ ከዚያ ተነሡ። ጎህ ሳይቀድ የምትሮጡ ከሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ብትገፉት ጥሩ ነው። ፀሐይ ወጥታለች። ቤት ውስጥ ትንሽ ተንቀሳቅሳችሁ ሞቅ ካላችሁ በኋላ ውጡ። ኪዳን ለማድረስ በሌሊት የምትወጡ እናቶችና አባቶችም ነጠላው ብቻውን አይበቃም። ከሥሩ ሹራብ፣ ራስ ላይ ሻሽ ወይም ቆብ ይኑር።

ቀዝቃዛ ውሃ የብርድ ሁሉ አለቃ ነው። ሐኪሞች ግፊት በብርድ እንዴት እንደሚዘል ለማየት የሰውን እጅ በረዶ ውሃ ውስጥ ያስነክራሉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ ይወጣል። እንግዲህ ገላ ሙሉውን ሲሆን አስቡት። ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰው በንጋት ቀዝቃዛ ሻወር ላይ ባይጀግን ይሻለዋል። ጠበል የምትጠመቁ ደግሞ ክኒናችሁን ሳታቋርጡ ተጠመቁ። ደም ብዛት እንዳለባችሁ ለሚያስተናግዷችሁ ንገሩ፤ ከተቻለ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይሁን። ቶሎ ደርቃችሁ ልበሱ።

አረቄ ያሞቃል ይባላል። አያሞቅም። የቆዳውን ሥር ስለሚከፍት የሙቀት ስሜት ይሰጣል፣ ከሰውነት የሚወጣው ሙቀት ግን ይጨምራል። አዘውትሮ መጠጣቱ ደግሞ ራሱ ግፊት ያወጣል።

ቤት ለማሞቅ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ በፍጹም አይሆንም። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰውን እንደተኛ ይገድላል። በየክረምቱ የምንሰማው ሐዘን ነው። በር ስር የሚገባውን ብርድ በጨርቅ መድፈን፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ አንድ ክፍል መርጦ እሱን ብቻ ማሞቅ ይሻላል።

ብዙ ሰው የማያስበው የጉንፋን መድኃኒት ነገር አለ። አፍንጫ በሚከፍቱ ክኒኖች ውስጥ የሚገባው ሱዶኤፈድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን የደም ሥር ያጠብባል። ለቁርጥማት የምንወስዳቸው አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ግፊት ያወጣሉ፤ የግፊት መድኃኒትንም ሥራ ያደናቅፋሉ። ውሃ ውስጥ እየተንፈቀፈቁ የሚሟሙት ክኒኖች ብዙዎቹ ሶዲየም፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ አላቸው። ፋርማሲ ስትገቡ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ግፊት አለብኝ" ይሁን። ለትኩሳትና ለራስ ምታት ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ይበቃል።

በረዶ የሚዘንብበት አገር ያላችሁ፣ በረዶ በአካፋ መዛቅ ልምድ ለሌለው ሰው ከባድ ሥራ ነው። ብርድና ድንገተኛ ጉልበት አንድ ላይ ልብን ያስጨንቃሉ። የጎረቤት ወጣት ከፍላችሁ ብታስዝቁ አያሳፍርም።

ደረጃ 5፦ ሙቀቱ ሲመጣ

በሙቀት ጊዜ ችግሩ ይገለበጣል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግፊቱ ከሚገባው በላይ ሊወርድ ይችላል። ሲነሡ ዓይን መጨለም፣ መንገዳገድ፣ ያልተለመደ ድካም ካለ ይህንን ጠርጥሩ። ለማረጋገጥ ጋደም ብላችሁ 5 ደቂቃ ቆዩና ለኩ። ተነሡና በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ፤ የሚደግፋችሁ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። የላይኛው 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ሐኪማችሁ ዘንድ ደውሉ። ሽማግሌዎች በሙቀት ወራት የሚወድቁት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃ ሳይጠማችሁ በትንሽ በትንሹ ጠጡ። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስንላችሁ። "ላብ ጨው ወስዶብኛል" ብላችሁ ጨው አትጨምሩ። ለአብዛኛው ሰው የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ነው። ሽሮው፣ ሚጥሚጣውና ቋንጣው ያንን ቀድሞ ሞልቶታል። ቡናን በጨው የምትጠጡ ደግሞ ሲኒዎቹን ቁጠሩ።

ሳዑዲና ኤምሬትስ ውጭ ለምትሠሩ፣ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ ሥር ማሠራት የተከለከለ ነው። መብታችሁ ነው። ሳውናና ስቲም የምትወዱም በሙቀት ቀን ባትጨምሩት ይሻላል።

ደረጃ 6፦ መድኃኒቱን ከወቅቱ ጋር ማስማማት፣ ከሐኪም ጋር

እኛ አገር በብዛት የሚታዘዙት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን ናቸው። በሙቀት ሦስቱም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚያሸና ነው። ላቡ ሲጨመርበት ሰውነት ሊደርቅ፣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም ሊወርድ ይችላል። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ትውከትና ተቅማጥ ይዞት ከደረቀ ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል፤ በዚያ ቀን ክኒኑን ይውሰድ ወይስ ይተው፣ ሐኪሙን ደውሎ መጠየቅ አለበት። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ኢናላፕሪል ላይ ካለች ቶሎ ለሐኪሟ ትንገር። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፤ ሙቀት ሲሆን እብጠቱ ይብሳል።

ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ መጠን ሊቀንስ፣ በብርድ መልሶ ሊጨምር ይችላል። ወይም "ይህ የወቅት ነው፣ ይቆይ" ሊል ይችላል። ያንን ውሳኔ በሁለት ቀን ቁጥር መወሰን አይቻልም። የሳምንት አማካይ ይዛችሁ ሂዱ።

ክኒኑን መኪና ውስጥ ወይም መስኮት ላይ አታስቀምጡ። መለኪያውም ቢሆን አብዛኛው ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠራ የተሠራ ነው። ቆላ ላይ መኪና ውስጥ የዋለ መሣሪያ የሚሰጠውን ቁጥር አትመኑ።

ደረጃ 7፦ ጾም፣ በዓልና መንገድ

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ ብርዱ ላይ ይውላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሙቀት ላይ ይወድቃል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተሳበ ሁሉንም ወቅት ይዞራል። ችግሩ ጾሙ አይደለም። ጠዋት የሚወሰደው ክኒን "ስገድፍ እወስደዋለሁ" ተብሎ መዝለሉ ነው። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። በቀን አንዴ የሚወሰድን መድኃኒት ወደ ማታ ማዞር ብዙ ጊዜ ይቻላል። የሚያሸናውን ግን ማታ ብትወስዱት ሌሊቱን ስትመላለሱ ታድራላችሁ፤ ሰዓቱን ተነጋገሩበት። በዓሉ ሲመጣ ደግሞ ዶሮው፣ ሥጋውና ጠጁ በአንድ ቀን ይገጥማሉ። ለገና ብርዱም አለ።

አገር የምትቀያይሩ ሰዎች ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። ከሚኒሶታ ጃንዋሪ ተነሥቶ ለጥምቀት አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ከከባድ ብርድ ወደ ብራ ቀን ነው የሚመጣው፤ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል። ከፍታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊት ሊያወጣ ይችላል። ከሠመራ ወይም ከጅዳ ወደ ደጋ የሚወጣም እንዲሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ በሉ፣ ከባድ ሥራና መጠጥ አታብዙ፣ ክኒኑን በእጅ ሻንጣ ያዙ። ሁለት ሳምንት ከቆያችሁ አንድ ሳምንቱን ለኩ።

መቼ ነው ወቅት ማለት የሚቆመው?

180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ካያችሁ 5 ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት። ደግሞም ያው ከሆነና ምንም ሕመም ከሌለ በዚያው ቀን ሐኪም ጋር ተነጋገሩ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መተሳሰር ወይም የዓይን ድንገት መጋረድ ካለ ግን ቁጥሩ ስንትም ይሁን አትጠብቁ፤ አምቡላንስ ጥሩ። እርጉዝ ሴት ላይ 140 በ90 ከታየ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ትሂድ። አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998።